«ለክትትል ተመለሺ»፦ ጥርጣሬ ያለበት የማኅፀን በር ምርመራ ውጤት ምን ያስከፍላል፣ ምንስ ይመልሳል?

የምርመራ ውጤቴ የተጻፈበትን ወረቀት ስቀበል «ካንሰር» የሚል ቃል አላየሁበትም፤ «ጤነኛ ነሽ» የሚልም አልነበረበትም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ለምትገኝ ሴት የሚሰጠውን አገልግሎት፣ ማለትም በማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ውጤታቸው አጠራጣሪ የሆነባቸው ሴቶች የሚያልፉበትን ክትትል፣ ሁለቱንም መንገዶች፣ መጠበቅንም ተጨማሪ ምርመራንም፣ በራሴ ላይ ስላየኋቸው ልገመግመው እወዳለሁ። የምገመግመው ምርመራውን ራሱን አይደለም። ስለ ምርመራው ጥቅም ብዙ ተብሏል፤ ከውጤቱ በኋላ የሚመጣው ወጪ፣ ጊዜ፣ ሕመምና ጭንቀት ግን ከሚገኘው ጥቅም ጋር ተመዝኖ ሲነገር እምብዛም አይሰማም።

ውጤቴ ባለሙያዎቹ «አስከስ» የሚሉት ነበር። ይህም ማለት በአጉሊ መነጽር ከታዩት ሕዋሳት መካከል የአንዳንዶቹ መልክ ከተለመደው ወጣ ያለ ቢሆንም፣ ለውጡ ምን እንደሆነ ለይቶ መናገር አልተቻለም ማለት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ለውጥ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ለውጥ የሚባል አለ። የተመረመርኩበት ክሊኒክ ሁለት አማራጭ ሰጠኝ፦ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሼ ያንኑ ምርመራ መድገም፣ ወይም ወዲያውኑ ወደ ኮልፖስኮፒ፣ ማለትም የማኅፀን በርን በአጉሊ መነጽር አቅርቦ ወደሚያይ ምርመራ፣ ክፍል መሄድ። የትኛው እንደሚሻለኝ ስጠይቅ «እንደ ፍላጎትሽ» ተባልኩ። መልሱ አክብሮት ይመስላል። ነገር ግን የአማራጮቹን ዋጋና ጥቅም ማንም ላላስረዳት ሴት እንዲህ ማለት፣ የባለሙያውን ሸክም አንሥቶ በእሷ ትከሻ ላይ መጫን ነው።

ለመምረጥ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት በሽታው የሚጓዝበት ፍጥነት ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚነሣው በአጭሩ ኤችፒቪ ከሚባለው ቫይረስ አደገኛ ዝርያዎች ሲሆን፣ 16 እና 18 ተብለው የሚታወቁት ሁለት ዝርያዎች ብቻ ለ70 በመቶ ያህሉ ምክንያት ናቸው። ይህን ግንኙነት ያሳየው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ይሁን እንጂ ቫይረሱ የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምንም ሳይሰማቸው በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነታቸው ራሱ ያስወግደዋል። አልወገድ ብሎ ሲቆይ ነው ለውጥ የሚያመጣው፤ ያም ለውጥ ካንሰር እስኪሆን የመከላከል አቅማቸው በተስተካከለ ሴቶች ዘንድ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤችአይቪ ኖሮባቸው ሕክምና ባልጀመሩ ሴቶች ይህ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። እንግዲህ የመጠበቅም ሆነ የመቸኮል ክርክር ሁሉ የሚያርፈው በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ነው፦ በዝቅተኛ ደረጃ ላይ ላለች ሴት ስድስት ወር ረጅም ጊዜ አይደለም።

ይህን የምለው እንዲሁ በግምት አይደለም። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የተካሄደው አልትስ የተባለው ጥናት እንደ እኔ ያለ ወይም ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ለውጥ የሚል ውጤት ያገኙ ሴቶችን በሦስት ከፍሎ ነበር። አንደኛው ቡድን ወዲያውኑ ወደ ኮልፖስኮፒ፣ ሁለተኛው የኤችፒቪ ምርመራ ተደርጎለት ቫይረሱ የተገኘባቸው ብቻ ወደ ኮልፖስኮፒ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሕዋስ ምርመራውን እየደጋገመ ወደ መጠበቅ ተላከ። አስከስ ለሆነው ውጤት የኤችፒቪ ምርመራው ከባድ ለውጥ ያለባቸውን ሴቶች በመለየት ሁሉንም ወደ ኮልፖስኮፒ ከመላክ አላነሰም፤ በአንጻሩ ግማሽ ያህሉን ሴቶች ከዚያ ክፍል አስቀርቷል። ውጤታቸው ግልጽ የዝቅተኛ ደረጃ ለውጥ ለሆነ ሴቶች ግን ይኸው ምርመራ ብዙ አልረዳም፤ ከአምስቱ ከአራቱ በላይ ቫይረሱ ስለሚገኝባቸው ማንን ከማን ይለያል? አንድ ምርመራ በአንዱ ውጤት ላይ ገንዘብ ቆጣቢ፣ በቀጣዩ ላይ ግን ገንዘብ አባካኝ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

በብሪታንያ የተካሄደው ሌላው ጥናት ቶምቦላ ይባላል። ስሙ የዕጣ ጨዋታ ያስመስለዋል፤ በእርግጥም ሴቶቹ በዕጣ ነበር የተመደቡት። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 59 የሆነ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ለውጥ የታየባቸው 4439 ሴቶች እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2002 ድረስ ተመልምለው፣ ከፊሎቹ በየስድስት ወሩ የሕዋስ ምርመራ ሲደረግላቸው የቀሩት ወዲያውኑ ወደ ኮልፖስኮፒ ተላኩ፤ ሁሉም ሦስት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ወዲያውኑ ኮልፖስኮፒ የተደረገላቸው ዘንድ ሕክምና የሚያስፈልገው ለውጥ በብዛት ተገኘ። ይህ በመጀመሪያ ሲነበብ ነገሩን የሚዘጋ ይመስላል፤ ነገር ግን በሦስተኛው ዓመት ማብቂያ በተደረገው ምርመራ በሁለቱ ወገኖች መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። ቀድሞ ከተገኘው ለውጥ መካከል ሳይነካ ቢቀር ራሱ ይጠፋ የነበረ እንዳለ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በተቃራኒው ሕመም፣ ደም መፍሰስና ፈሳሽ የገጠማቸው ቶሎ ወደ ኮልፖስኮፒ የተላኩት ዘንድ በዙ። የጥናቱ የወጪ ትንተናም ከቀረቡት የክትትል ዘዴዎች አንዱን ከሌላው አብልጦ ለመምረጥ የሚያስገድድ ምክንያት በወጪ በኩል እንደሌለ ደመደመ።

እኔም መጠበቁን መረጥኩ። ለክሊኒኩ የከፈልኩት ገንዘብ ከወጪዎቼ ሁሉ ትንሹ እንደነበር አሁን ስገምተው ይገባኛል። የመጀመሪያው ወር ከባድ ነው፤ ወገብ ሲያም፣ የወር አበባ ሲዘገይ፣ ሁሉም ነገር ከዚያ ወረቀት ጋር ይገናኛል። ሌላም በየትኛውም የዋጋ ዝርዝር ውስጥ የማይገባ ወጪ አለ፤ ይህ ቫይረስ በግንኙነት የሚተላለፍ መሆኑ ሲነገር በትዳር ውስጥ የሚያስነሣው ጥያቄ። ኤችፒቪ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቀመጥ ስለሚችል ውጤቱ ከማን እንደመጣም ሆነ መቼ እንደመጣ አይናገርም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለባልና ለሚስት አብሮ ማስረዳት ለባለሙያ የሁለት ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ ሳይነገር ሲቀር የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከማንኛውም ምርመራ ዋጋ በላይ ነው። እኔ ያገኘሁት በራሴ ንባብ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ረገድ ለአገልግሎቱ ዝቅተኛ ነጥብ እሰጣለሁ።

ከስድስት ወር በኋላ የተደገመው ምርመራ ያንኑ ውጤት አሳየ፤ ቀጥሎ የተደረገው የኤችፒቪ ምርመራም አደገኛ ከሆኑት ዝርያዎች አንዱ እንዳለብኝ፣ ይሁን እንጂ 16ም 18ም እንዳልሆነ ገለጸ። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የኤችፒቪ ምርመራው በመጀመሪያው ቀን ቢሠራልኝ ኖሮ ስድስቱ ወር አያስፈልግም ነበር፤ ቫይረሱ ባይገኝ በሰላም ወደ ቤቴ እመለስ፣ ቢገኝም ያኔውኑ ወደሚቀጥለው ደረጃ እሄድ ነበር። ክሊኒኩ ምርመራው ነበረው። ያቀረበልኝ ግን የለም።

ኮልፖስኮፒ ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1925 የተፈለሰፈ፣ ከሰውነት ውጭ የሚቆም፣ ብርሃን ያለው አጉሊ መነጽር ሲሆን ወደ ውስጥ የሚገባው እንደ መጀመሪያው ምርመራ ሁሉ የማኅፀን በርን ገልጦ የሚያሳየው ስፔኩለም ብቻ ነው። ሐኪሟ የማኅፀን በሩን ከ3 እስከ 5 በመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ ቀባችው፤ ሽታው የኮምጣጤ ነው፣ ጥቂትም ያቃጥላል። ለውጥ ያለበት ቦታ ከደቂቃ በኋላ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቀጥሎ አዮዲን ሲቀባ ጤናማው ክፍል ወደ ቡናማ ሲለወጥ የተለወጠው ክፍል ቀለሙን ሳይቀበል ይቀራል። ሐኪሟ በእያንዳንዱ እርምጃ ምን እንደምታደርግ እየነገረችኝ ከሁለት ቦታ የሩዝ ፍሬ የምታህል ናሙና ወሰደች፤ ናሙናው ሲወሰድ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ፣ ድንገት መጥቶ የሚሄድ ሕመም አለው። ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ ያህል ወሰደ፤ ለጥቂት ቀናት ቀላል ደምና የጠቆረ ፈሳሽ ነበረኝ። ስለ ሐኪሟ እጅና ስለ አነጋገሯ ምስጋና እንጂ ቅሬታ የለኝም።

የናሙናው ቁጥር ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። በኮልፖስኮፒ የሚያየው የሐኪም ዓይን ነው፣ ዓይን ደግሞ ይሳሳታል፤ የአልትስ ጥናት ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ አንድ ናሙና ብቻ ሲወሰድ ከባድ ለውጥ ሊያመልጥ እንደሚችል፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ግን የማግኘት ዕድሉ እንደሚጨምር ነው። ስለዚህ ይህን አገልግሎት የምትፈልግ ሴት የክፍሉን ንጽሕናና የወንበሩን ምቾት ከማየቷ በፊት «አጠራጣሪ ቦታ ሲገኝ ስንት ናሙና ትወስዳላችሁ?» ብላ ብትጠይቅ ይጠቅማታል።

ውጤቱ «ሲአይኤን 1» ሆነ። ሲአይኤን በናሙና የተገኘ የቅድመ ካንሰር ለውጥ ከ1 እስከ 3 የሚለካበት ደረጃ ነው፤ 1 ከሦስቱ ዝቅተኛው ሲሆን፣ በአብዛኛው ቫይረሱ መኖሩን ከማሳየት ያለፈ ትርጉም የሌለውና ብዙውን ጊዜ ራሱ የሚጠፋ ነው። ውጤቱን የነገረኝ ሌላ ሐኪም ግን «ብትፈልጊ ቆርጠን እናውጣውና ተገላገዪ» አለኝ። «ተገላገዪ» የሚለው ቃል ስድስት ወር ለተጨነቀች ሴት እንዴት እንደሚጣፍጥ መካድ አልችልም። ያቀረበልኝ ሊፕ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ቀጭን ሽቦ የተለወጠውን ክፍል ቆርጦ የማውጣት ሕክምና ነው። ለሚያስፈልጋት ሴት እጅግ ጥሩ ሕክምና ነው፤ ቦታውን በሚያደነዝዝ መርፌ በአጭር ጊዜ ይሠራል፣ አብዛኞቹንም በአንድ ጊዜ ይፈውሳል። ነገር ግን ከማኅፀን በር የተቆረጠ ሥጋ ተመልሶ እንደነበረ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና እንደሚያሳየው፣ እንዲህ ያለ ሕክምና ከተደረገላቸው ሴቶች መካከል 10.7 በመቶው ከ37 ሳምንት በፊት ሲወልዱ ካልተደረገላቸው መካከል ግን 5.4 በመቶ ነበሩ፤ የተቆረጠው ክፍል በጠለቀ መጠንም አደጋው ይጨምራል። ልዩነቱ ሁሉ ከመቁረጡ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ለውጡ ያለባቸው ሴቶች ሳይታከሙም እንኳ አደጋቸው ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። ሆኖም ልጅ መውለድ ለምታስብ ሴት ይህ በሚዛኑ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው ነገር ነው፤ መውለድ ያበቃች ሴት ሚዛን ደግሞ ሌላ ነው። ለእኔ ማንም አልጠቀሰልኝም።

እኔ ሕክምናውን አልተቀበልኩም። የቶምቦላ ጥናት ሁለተኛ ክፍልም የሚደግፈው ይህንኑ ነው፦ ያዩትን ወዲያውኑ ቆርጦ ከማውጣት ይልቅ ናሙና ወስዶ ውጤቱ ሲአይኤን 2 ወይም 3 የሆነባቸውን ብቻ ማከምና የቀሩትን መከታተል ጥቅምና ጉዳቱን ይበልጥ ያመጣጥናል። በሲአይኤን 2 ላይ እንኳ ነገሩ ያለቀለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የጥናቶች ስብስብ ሳይታከሙ በቅርብ ክትትል ከቆዩት ሴቶች መካከል ግማሹ በሁለት ዓመት ውስጥ ለውጡ እንደጠፋላቸው፣ 18 በመቶው ላይ ግን ወደ ሲአይኤን 3 ወይም ከዚያ በላይ እንደከፋ አሳይቷል። ወጣት የሆነችና ልጅ የምትፈልግ ሴት ይህን ቁጥር ይዛ ለመጠበቅ ብትወስን ውሳኔዋ ምክንያታዊ ነው፤ ቀጠሮዋን የማታዛንፍ እስከሆነች ድረስ።

ሲአይኤን 3 ላይ ግን ይህ ሁሉ ማመዛዘን ያበቃል። በኒውዚላንድ ኦክላንድ በሚገኝ አንድ የሴቶች ሆስፒታል፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለውጡ ወደ ካንሰር አይሄድም ብሎ ባመነ ሐኪም ምክንያት ብዙ ሴቶች ሳያውቁና ሳይፈቅዱ ተገቢው ሕክምና ሳይሰጣቸው ቀርቶ ነበር። ጉዳዩ በዳኛ ሲልቪያ ካርትራይት በተመራ አጣሪ ተመርምሮ ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ። የእነዚያ ሴቶች መዝገብ ከዓመታት በኋላ ሲተነተን፣ በቂ ሕክምና ካላገኙት መካከል 31 በመቶ ያህሉ በ30 ዓመት ውስጥ ካንሰር ሲይዛቸው፣ በአግባቡ ከታከሙት መካከል ግን የተያዙት ከ1 በመቶ በታች ነበሩ። ማንም ሊደግመው የማይችልና ሊደግመው የማይገባ ይህ መዝገብ የክትትልን ዋጋ ከየትኛውም የሂሳብ ሞዴል ይልቅ በግልጽ ያስቀምጣል። የከፍተኛ ደረጃ ለውጥ ውጤት ይዛ «ስድስት ወር ልጠብቅ» የምትል ሴት ካለች፣ ስለ እኔ መጠበቅ የጻፍኩት አንድም ቃል እሷን አይመለከትም። እርጉዝ ከሆነች ግን ኮልፖስኮፒው ይደረግላታል፤ ካንሰር እስካልተጠረጠረ ድረስ ሕክምናው ከወሊድ በኋላ ሊቆይ ይችላል።

በአሜሪካ የ2019 (እ.ኤ.አ.) የሚባለው መመሪያ ይህን ማመዛዘን ወደ ቁጥር ለውጦታል። ሐኪሙ የአሁኑን ውጤት ከቀደሙት ጋር አያይዞ ሴቲቱ ላይ ሲአይኤን 3 ወይም ከዚያ የከፋ ለውጥ የመኖሩን ዕድል ይገምታል፤ ዕድሉ 4 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ኮልፖስኮፒ ትላካለች፣ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ናሙና ሳይጠበቅ መታከሙ ይመረጣል። አካሄዱን እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ያለፈ ታሪኳ ንጹሕ የሆነች ሴት እና ለዓመታት ያልተመረመረች ሴት አንድ ዓይነት ወረቀት ቢይዙም አንድ ዓይነት አደጋ እንደሌለባቸው ይቀበላል። ድክመቱ የቀደሙ ውጤቶች በሥርዓት ተጠብቀው መገኘታቸውን የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ መዝገቧ በሦስት ክሊኒኮች ተበታትኖ ለቀረ ሴት ስሌቱ መነሻ ያጣል።

ተመልሶ የመምጣት ጉዳይ ሚዛኑን ጨርሶ ሊገለብጠው ይችላል። ከላይ የጠቀስኳቸው ጥናቶች ሴቶቹን እየጠሩና እያስታወሱ የተከታተሉ ናቸው፤ በዚያ ሁኔታ መጠበቅ ርካሽና ደኅና ነው። ቀጠሮው ሩቅ፣ መንገዱ ረጅም፣ ከሥራ መቅረትም ገቢ ማጣት ለሆነባት ሴት ግን የሁለተኛ ጊዜ ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ የማይደረስበት ቀጠሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የኤችፒቪ ምርመራን አስቀድሞ፣ ቫይረሱ የተገኘባትን ሴት ያለ ናሙና ምርመራ የማከምን አማራጭ ያካተተው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሕክምናው የተለወጠውን ክፍል በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ማጥፋት ሲሆን፣ ከሊፕ የቀለለ በመሆኑ ያለ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊሠራ ይችላል። በዚህ መንገድ ሕክምና የማያስፈልጋቸው አንዳንድ ሴቶች ይታከማሉ፤ ድርጅቱም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። የሚፈራው የምትጠፋዋን ሴት ነው፣ እኔም ፍርሃቱን ትክክል ነው እላለሁ። ታክማ የወጣች ሴትም ከ12 ወር በኋላ ድጋሚ መመርመር አለባት፤ ስለዚህ ከክትትል ሙሉ በሙሉ ማምለጫ የለም።

ክሊኒኩን በዚህ መለኪያ ስመዝነው ኮልፖስኮፒው የሚሠራበት ክፍል በሙያውም በአክብሮቱም የተከፈለበት ገንዘብ የሚገባው ነው፤ ሌላ ሴት ወደዚያ ብትሄድ አልከለክልም። ከክፍሉ ውጭ ያለው ሥርዓት ግን ደካማ ነው። የናሙናዬ ውጤት ደርሶ ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ሲቆይ የደወለልኝ ሰው አልነበረም፤ ደውዬ ባልጠይቅ ኖሮ እስከ መቼ እንደሚቆይ አላውቅም። የእኔ ውጤት ሲአይኤን 1 ስለነበረ ሦስት ሳምንቱ ከጭንቀት በቀር አልጎዳኝም፤ በዚያው መሳቢያ ውስጥ ሲአይኤን 3 የተጻፈበት ወረቀት ካለ ግን ከሽቦውና ከአጉሊ መነጽሩ ይልቅ ስልኩ ነው የሚያድናት። ስለ ወጪ ሲነሣም ሁሉም የሚቆጥረው የላቦራቶሪውን ዋጋ ነው። ለእኔ የሁለት ጉብኝት ወጪ የሚያስቀረው የኤችፒቪ ምርመራ በመጀመሪያው ቀን መቅረቡ፣ የሕይወት ወጪን የሚያስቀረው ደግሞ ውጤት ደርሶ ያልመጣችውን ሴት የሚፈልግ አንድ ተራ ሠራተኛ መኖሩ ነው፤ ሁለቱም ከሌላው ሁሉ ርካሽ ናቸው።

ከአንድ ዓመት በኋላ በተደረገልኝ ምርመራ ቫይረሱ አልተገኘብኝም። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ቀኑን በራሴ ማስታወሻ ጽፌዋለሁ፣ የሁሉንም ውጤቶቼን ቅጂም ጠይቄ ወስጃለሁ፤ ቅጂውን ለማግኘት ሁለት ጊዜ መመላለስ አስፈልጎኝ ነበር።